ዝንጉርጉሩ ተክል አረንጓዴ ሲያወጣ

ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ስትገዙት ቅጠሉ በነጭ የተከፈፈ ነበር። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ግን ከመሃሉ ወፈር ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅርንጫፍ አውጥቶ ከሌሎቹ በላይ ቀና ብሏል፤ ዝንጉርጉሩ እየመነመነ ከሥር ተደብቋል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ገላን በግቢው ፊከስ፣ ሼፍሌራ፣ ዱራንታ፣ ስፓይደር ፕላንት ወይም ሳንሰቬሪያ ያለው ሰው ይህን አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። ለቅጠሉ ውበት የሚተከለውን ሆስታ ከውጭ አስመጥቶ የተከለም እንዲሁ።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «አፈሩ አልተስማማውም» ወይም «ማዳበሪያ ጨምሩለት» የሚል ነው። አፈሩ ጥፋት የለበትም፤ ማዳበሪያው ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። ጉዳዩ ያለው አንዲት ቡቃያ ውስጥ ነው። ያቺን ቡቃያ ከነመነሻዋ በጊዜ ማውጣት ብቻ ነው የሚሠራው፤ አረንጓዴ ቅጠል እየቀነጠሱ መጣል ለአንድ ሳምንት ዓይን ያሳርፋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ለምን ወደ አረንጓዴ ይመለሳል

የቅጠሉ ነጭ ወይም ቢጫ ክፍል ክሎሮፊል፣ ማለትም በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀውን አረንጓዴ ቀለም፣ መሥራት ያቃታቸው ሕዋሶች ስብስብ ነው። የቡቃያ ጫፍ ላይ ያሉ ሕዋሶች እንደ ጋቢ ተደራርበው ነው የሚያድጉት። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ የቡቃያ ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት። አንዱ ድርብ ነጭ ሌላው አረንጓዴ ሲሆን የቅጠሉ ዳርና መሃል የተለያየ ቀለም ይዞ ይወጣል። እያንዳንዱ ድርብ በራሱ መስመር እየተባዛ ስለሚሄድ ተከታዩም ቅጠል ያንኑ መልክ ይደግማል።

አልፎ አልፎ ግን የአንዱ ድርብ ሕዋስ ወደ ጎረቤቱ ይሻገርና ቦታውን ይይዛል። አረንጓዴው ነጩን ከተካው ከዚያ ጫፍ የሚወጣው ሁሉ ሙሉ አረንጓዴ ይሆናል። ነጩ አረንጓዴውን ከተካው ደግሞ እንደ ወረቀት የነጣ ቡቃያ ይወጣል። ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም የሚባለው እንግዲህ ለነብር ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ውስጡ ነጭ ሕዋስ ስላልቀረ ጠብቆ፣ ቦታ ቀይሮ ወይም ውሃ ቀንሶ መልሶ ዝንጉርጉር ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ነጩ ክፍል ተጧሪ ነው፤ የሚበላውን የሚያበስልለት አረንጓዴው ነው። ሙሉ አረንጓዴው ቅርንጫፍ ግን ሁሉም ሕዋሱ ሠራተኛ ስለሆነ በእጥፍ ሊፈጥን ይችላል። ለዚህ ነው በሰኔ ጣት የሚያህለው ቡቃያ በመስከረም ተክሉን የሚጋርደው።

ሁሉም ኅብረ ቀለም ግን በዚህ መንገድ የተሠራ አይደለም። በየግቢው መሬት ለመሬት የሚሳበው ዜብሪና ብርማ መስመሩን ያገኘው ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ካለ የአየር ክፍተት ነው፤ ብዙዎቹ ቢጎንያዎችም እንደዚሁ። እነዚህ ሲደበዝዙ የሚቆረጥ ቡቃያ አትፈልጉ፤ ብርሃን ስጧቸው። ቅጠሉ በቢጫ የተነቀሰው አቡቲሎን ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው፤ ንቅሳቱን የፈጠረው በውስጡ የሚኖር ቫይረስ ነው። ሰው በበሽታው የሚወደው ተክል ቢኖር እሱ ነው።

መቀስ ከማንሣት በፊት

አረንጓዴ ያያችሁት ነገር በእርግጥ መመለስ መሆኑን አረጋግጡ። የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ዱራንታ ቢጫ የሚሆነው ፀሐይ በሚያገኘው አዲስ ቅጠሉ ላይ ነው፤ ውስጥ ውስጡን የተጋረደው አሮጌ ቅጠል አረንጓዴ ቢሆን ጤነኛ ነው። ከሆስታም ፎርቹኔይ አልቦፒክታ የሚባለው በቢጫ ተወልዶ ከሳምንታት በኋላ ሙሉ አረንጓዴ የሚሆን ነው፤ በሚቀጥለው ዕድገት በቢጫ ይመለሳል። ፈተናው ቀላል ነው፦ አዲስ የተዘረጋውን ቅጠል እዩ። አዲሱ ዝንጉርጉር ሆኖ አሮጌው ከደበዘዘ ምንም አትቁረጡ። ከአንድ ቅርንጫፍ የሚወጣው አዲሱም አሮጌውም አረንጓዴ ከሆነ ተመልሷል።

ሁለተኛው ከዘር የበቀለ ነው። ስፓይደር ፕላንትና ሆስታ አበባቸው ደርቆ ዘር ካፈሰሰ ከእናቲቱ እግር ሥር አረንጓዴ ልጅ ይበቅላል። ዝንጉርጉርነት በዘር እንዳለ አይወረስም። እንዲህ ያለውን በጣት አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ስታዩት የራሱ ትንሽ ሥር አለው፣ ከእናቲቱ ጋርም አልተያያዘም። ነቅሎ መጣል ነው። ከዚያ በኋላ የአበባውን ዘንግ ዘር ሳይቋጥር መቁረጥ።

ሦስተኛው ጥላ ነው። በረንዳ ጥግ የተቀመጠ ተክል አንድ ቅርንጫፉ ሳይሆን ሁሉም ቅጠሉ በእኩል ከደበዘዘ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው።

አራተኛውን በቁም ነገር ያዙት። በሆስታ ቅጠል ላይ አረንጓዴው ቀለም እንደ ፈሰሰ ቀለም የደም ሥሩን ተከትሎ ከተንጠባጠበ፣ ቅጠሉም እዚያ ላይ ከተጨማደደ ወይም ከሳሳ፣ ይህ መመለስ አይደለም፤ ሆስታ ቫይረስ ኤክስ የሚባለው በሽታ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን በተክሉ ጭማቂ፣ ማለትም በቢላዋና በመቀስ ይተላለፋል። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ አውጥታችሁ በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ አታስገቡት፤ እዚያው ጉድጓድ ላይም ሌላ ሆስታ አትትከሉ።

መሣሪያ

ስለታም የአትክልት መቀስ፣ ቀጭን ቢላዋ፣ ለወፍራም ግንድ ትንሽ መጋዝ፣ ጓንት። መሣሪያውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። አልኮል ከሌለ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር በጥብጡና 10 ደቂቃ ንከሩት፤ በረኪና ብረት ስለሚበላ በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት። የፊከስ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንቱ ለዚያ ነው። የዱራንታ ፍሬም መርዛማ ስለሆነ ቅርንጫፉን ልጆችና ውሾች በሚጫወቱበት አትተዉት።

ፊከስ፣ ሼፍሌራ፣ ዱራንታ

እንጨታማ በሆኑት ላይ ዋናው ሥራ የሚወድቀው ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ዝናቡ ሲገባ ቡቃያው ይፈነዳል፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። አረንጓዴዋ ቡቃያ ጣት ሳታህል ካገኛችኋት መቀስም አያስፈልግም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዟትና ወደ ታች ገንጥሏት። መገንጠል ከመቁረጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም መቀስ ከመነሻው ላይ ትንሽ ጉቶ ይተዋል፣ በጉቶው ውስጥ ደግሞ የተኙ ቡቃያዎች አሉ። አንዷን ቆርጣችሁ ሦስት ያበቀላችሁት ለዚህ ነው። ስትገነጠል ከሥሯ ያሉት አብረው ይወጣሉ።

እርሳስ ያህል ከወፈረች በኋላ መገንጠል ቅርፊት ይልጣል። ያኔ መቁረጥ ነው፤ የት እንደሚቆረጥ ለመምረጥ ግን ግንዱን ማንበብ ያስፈልጋል።

አንድ የሼፍሌራ ቅርንጫፍ ያዙ። እያንዳንዱ ቅጠል ግንዱን በሚነካበት ብብት ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቡቃያ ተኝታለች። አሁን ግንዱን በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በአንዱ ጎን ክሬም ወይም ቢጫ መስመር ሲወርድ ታያላችሁ፤ በሌላው ጎን ንጹሕ አረንጓዴ ነው። በአረንጓዴው ጎን ያለችው ቡቃያ አረንጓዴ ትሰጣለች፤ በመስመሩ ላይ ያለችው ዝንጉርጉር የመስጠት ዕድሏ ሰፊ ነው። ከጎኗ ያለው ቅጠልም ይናገራል፦ ቅጠሉ ጥሩ ነጠብጣብ ካለው ቡቃያዋም የዚያው ወገን ናት። ስለዚህ ከአረንጓዴው ቅርንጫፍ ወደ ታች እየወረዳችሁ፣ ዝንጉርጉር ቅጠል ያለበት የመጀመሪያው ብብት ጋ ስትደርሱ ከሱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። እንዲህ ያለ ብብት ጨርሶ ካልተገኘ አረንጓዴውን ቅርንጫፍ ከዋናው ግንድ ጋር ከተገናኘበት ያበጠ አንገት ላይ፣ አንገቱን ሳትጎዱ አንሡት። ቁስሉን ቀለም መቀባት አያስፈልግም።

ሁለት ስህተት በብዛት ይታያል። አንዱ ወደ ባዶ እንጨት ድረስ መጨፍጨፍ ነው። ቅጠል የሌለበት ወፍራም ጉቶ ብቻ ሲቀር ተክሉ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣው ከውስጠኛው ሥጋው ነው፤ ውስጠኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴው ድርብ ነው። በአንድ ጊዜ ከተክሉ አንድ ሦስተኛ በላይ አታንሡ፤ ከዚያ በላይ ከተመለሰ ሥራውን ለሁለት ክረምት ክፈሉት።

ሌላው የዱራንታ አጥር ነው። ቢጫው አጥር በትልቅ መቀስ እኩል እየተከረከመ ሲኖር ሁሉም ጫፍ እኩል ያጥራል፤ በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ግን ፈጣኑ አረንጓዴ ቀድሞ ይወጣል። ከርካሚው ሳያውቅ ለአረንጓዴው እየዳኘ ነው። ክርከማው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው አጥሩን ተከትሎ ይሂድና አረንጓዴ ዘንጎቹን እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከመነሻቸው ያውጣቸው፤ ከዚያ በኋላ መከርከም ይቻላል። ግቢውን የሚንከባከበው ሌላ ሰው ከሆነ ይህን አንድ ጊዜ አብራችሁት ሆናችሁ አሳዩት፤ በቃል ብቻ ሲነገር ብዙ ጊዜ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ ይገኛል።

ሙሉ ነጭ ቡቃያስ? ያምራል፣ ግን ራሱን አይመግብም። አንድ ሁለት ቢሆን ተዉት፤ ከበዛ ተክሉን ስለሚያደክም እንደ አረንጓዴው ከመነሻው አንሡት። ቆርጣችሁ ብትተክሉት አይጸድቅም።

ሳንሰቬሪያና ስፓይደር ፕላንት

ስኔክ ፕላንት የምንለው ዳሩ ቢጫ የሆነው ሳንሰቬሪያ ላውረንቲ ይባላል። እሱን በተመለከተ ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ «ቅጠሉን ቆርጬ ተከልኩት፣ ልጁ ለምን አረንጓዴ ሆነ?» የሚል ነው። መልሱ ከላይ ያለው ጋቢ ነው። ቅጠል ተቆርጦ አፈር ውስጥ ሲገባ አዲሱ ቡቃያ የሚፈጠረው ከቅጠሉ ውስጠኛ አረንጓዴ ሥጋ ነው፤ ቢጫው ዳር በአዲሱ ተክል ውስጥ ቦታ የለውም። አግድም የተሠመረው ግራጫ ንድፍ ይቀራል፣ ቢጫው ይጠፋል። ይህ ሁልጊዜ ነው፤ በእንክብካቤ የሚስተካከል አይደለም። አንዱን ቅጠል አሥር ቦታ ቆራርጦ የሚያባዛ ሻጭ የሚሸጥላችሁም አረንጓዴውን ነው።

ቢጫውን ጠብቆ ማባዣው መንገድ መክፈል ብቻ ነው። በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ሌሊቱ ሞቅ ሲል፣ ተክሉን ከማስቀመጫው አውጡና አፈሩን አራግፉ። ከመሬት በታች ጣት የሚያህል ብርቱካንማ አግድም ግንድ ይታያል፤ ልጆቹን ከእናቲቱ የሚያገናኘው እሱ ነው። ዳራቸው ሙሉ ቢጫ የሆነ ሁለት ሦስት ቅጠልና የራሳቸው ሥር ያላቸውን ልጆች መርጣችሁ ግንዱን በቢላዋ ቁረጡ። ቁስሉ እንዲደርቅ 2 ወይም 3 ቀን በጥላ አስቀምጡ፤ ከዚያ እኩል አሸዋና ቀይ አፈር ደባልቃችሁ ትከሉ። ውሃ ከሳምንት በኋላ። የሚሞቱት አብዛኞቹ በችኮላ ውሃ የጠጡት ናቸው። ከእናቲቱ አረንጓዴ ልጅ ከወጣ ደግሞ ቅጠሉን አትጎትቱ፤ አፈሩን ቆፍራችሁ ያንን ብርቱካንማ ግንድ እናቲቱ ጋ ድረስ ተከትላችሁ ቁረጡት። ቁራጭ ከቀረ መልሶ ይበቅላል።

ስፓይደር ፕላንት ይቀላል። በተንጠለጠለው ረጅም ዘንግ ላይ ከሚንጨፈረሩት ልጆች መካከል ነጩ መስመር ሰፊና ጥርት ያለውን ብቻ ለመትከል ምረጡ። በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ሙሉ አረንጓዴ ከሆኑ ዘንጉን ከመነሻው አንሡት። በማስቀመጫው ውስጥ አረንጓዴ ክፍል ካለ አውጥታችሁ፣ እንደ ነጭ ካሮት ያበጡትን ሥሮቹን በውሃ አለቅልቃችሁ ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን አንገት በቢላዋ ለዩት።

ሆስታ

ሆስታ የምሥራቅ እስያ፣ በተለይ የጃፓን፣ የቻይናና የኮሪያ ተክል ነው። ክረምቱን ቅጠሉን አርግፎ ተኝቶ ማሳለፍ የለመደ በመሆኑ ከ4 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ለሳምንታት ይፈልጋል። እኛ ጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ውርጭ ቢጥልም ቀኑ ስለሚሞቅ እንቅልፉ ሙሉ አይሆንም። ብርድ ያላገኘ ሆስታ በየዓመቱ ቅጠሉ እያነሰ፣ ቁጥሩም እየቀነሰ ይሄዳል፤ የደከመ ተክል ላይ ደግሞ ዝንጉርጉሩ ክፍል ቀድሞ ይሸነፋል። ለመትከል የወሰነ ሰው እንዲያውቀው ነው።

መፍትሔው ማቀዝቀዣ ነው። በኅዳር ተክሉን አውጡ፣ ቅጠሉን ከአንገቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ አፈሩን እጠቡ፣ ጥላ ሥር አንድ ቀን አናፍሱት። ከዚያ ጨምቃችሁት ውሃ በማያንጠባጥብ እርጥብ ሰጋቱራ ጠቅልላችሁ፣ በተበሳ ላስቲክ አድርጋችሁ በማቀዝቀዣው የአትክልት መሳቢያ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ለ8 ወይም 10 ሳምንት አቆዩት። ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። ከሙዝና ከፖም አርቁት፤ ከፍራፍሬ የሚወጣው ጋዝ ቡቃያውን ይጎዳል። በየሁለት ሳምንቱ ከፍታችሁ ሻጋታ ካለ ጥረጉ።

በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ሲወጣ፣ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሥሩ ታጥቧል፣ አንገቱ ይታያል፣ ሾጣጣ ዓይኖቹ፣ ማለትም ቡቃያዎቹ፣ መፍካት ጀምረዋል። ችግሩ ዓይኑ ሳይዘረጋ ቀለሙን መለየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ዓመት ቀደም ብሎ ነው፦ ቅጠል ባለበት ወቅት አረንጓዴው ግንድ ሥር ባለቀለም ክር እሰሩ። ስታወጡት ክሩን ተከትላችሁ እስከ አንገቱ ውረዱ፣ በአረንጓዴው ዓይንና በጎረቤቱ መካከል ያለውን ሥጋ በቢላዋ ቀጥ አድርጋችሁ ሰንጥቁ፣ እያንዳንዱ ክፋይ የራሱን ሥር ይዞ እንዲወጣ በእጅ አላቁት። ዝንጉርጉሩን ክፋይ 2 ወይም 3 ዓይን ባለው መጠን መልሳችሁ ትከሉ። አንድ ዓይን ብቻ ያለውም ይጸድቃል፣ ግን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል።

ማውጣት ካልፈለጋችሁ መሬት ውስጥ እንዳለም ይሠራል፦ በአረንጓዴው ግንድ ዙሪያ አፈሩን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ገልጣችሁ አንገቱን አጋልጡ፣ አረንጓዴውን ከነዓይኑና ከነሥሩ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ክፍተቱን በአሸዋማ አፈር ሙሉት። ቅጠሉን ብቻ ከመሬት እኩል መቁረጥ ዓይኑን እዚያው ስለሚተወው በወሩ ያው ነው።

መሃሉ ነጭ፣ ዳሩ አረንጓዴ የሆኑት ዳራቸው ነጭ ከሆኑት ይልቅ ቶሎ ይመለሳሉ። ኡንዱላታ የሚባለው የታወቀ ምሳሌ ነው፦ ሰፊው ነጭ መሃል እየጠበበ ዩኒቪታታ ወደሚባለው ቀጭን መስመር፣ ከዚያም ኤሮሜና ወደሚባለው ሙሉ አረንጓዴ ይሄዳል። ሦስቱም ስም ያላቸው በዚህ ጉዞ ላይ የተገኙ መልኮች ናቸው። ኡንዱላታ ያለው ሰው በየሦስት ዓመቱ አውጥቶ ነጩ ሰፊ የሆነውን ብቻ መልሶ መትከል አለበት። የተለየውን አረንጓዴ መጣል ግዴታ አይደለም፤ ጤነኛ ሆስታ ነው፣ ለብቻው ሌላ ቦታ ይተከል። አዳዲስ ዝርያዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ የተገኙት እንዲህ ካለ ለውጥ ነው፤ ሰፊ ነጭ ዳር ያለው ፓትሪዮት ከፍራንሲ የወጣ ነው።

ብርሃን፣ አፈር፣ ውርጭ

እዚህ ከፍታ ላይ የቀትር ፀሐይ ነጭ ቅጠልን ያቃጥላል፤ ክሎሮፊል የሌለው ክፍል ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ጥላ ሲበዛ ደግሞ አረንጓዴው ይበረታል። ለአብዛኞቹ የሚስማማው እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ የቤቱ ምሥራቅ ጎን ነው። ዱራንታ የተለየ ነው፤ ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል።

አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትሆንም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በደቡብ፣ በቀሪው ጊዜ በሰሜን በኩል ታልፋለች። የቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር በታኅሣሥ ጥላ የነበረው ቦታ በግንቦት ፀሐይ ይመታዋል። በጥር «ጥሩ ጥላ» ብላችሁ የተከላችሁት ሆስታ በሚያዝያ መጨረሻ ለምን እንደተቃጠለ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ክረምት ከገባ ደመናው ይሸፍነዋል፤ አደጋው ያለው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስለሆነ ለእነዚያ ሳምንታት የጥላ መረብ ወይም ነጭ ሻሽ ወጥሩበት።

ዩሪያ አትስጡ። ናይትሮጅን አረንጓዴ ቡቃያን አይፈጥርም፣ የተፈጠረውን ግን ያስፈነጥረዋል። በግንቦት መጨረሻ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት በተክሉ ዙሪያ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ መበተን ለዓመቱ ይበቃል። የዶሮ ኩስ ናይትሮጅኑ ኃይለኛ ስለሆነ ለዝንጉርጉር ተክል ይቅርበት።

ገላን፣ ኮዬ ፈጬና አቃቂ ባለው ጥቁር አፈር ላይ የሚመጣው ጣጣ ሌላ ነው። በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ጫፉ የሞተ ተክል ከሥሩ ያጎነቁላል፤ ከሥር የሚወጣው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ አዘጋጁና አሸዋና ኮምፖስት ጨምሩበት፤ በበጋ በገለባ ሸፍኑት። ቡራዩ በኩል ያለው ቀይ አፈር ውሃ ስለሚያሳልፍ ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

ውርጭም በዚያው መንገድ ነው የሚጎዳው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ማስቀመጫ ላይ ያሉትን ማታ በረንዳ ውስጥ አስገቡ፤ በተለይ ሳንሰቬሪያን፣ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚጎዳ። መሬት ላይ ያሉትን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ባቆመበት ምሽት በጆንያ ወይም በአሮጌ አንሶላ ሸፍኑና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡ። ውርጭ የመታውን ቅርንጫፍ ወዲያው አትቁረጡ፤ ዝንጉርጉር ቡቃያ ከየት እንደሚነሣ እስከ የካቲት መጨረሻ ጠብቁ።

የቀረው ጥቂት ከሆነ

አንዳንዴ ተክሉ ሲታይ ዘጠኝ እጁ አረንጓዴ ሆኗል፤ ቆርጦ ማስተካከል ተክሉን መግደል ነው። ያኔ የቀረውን ዝንጉርጉር ቆርጦ አዲስ ተክል ማድረግ ይሻላል።

ለፊከስ፣ ለሼፍሌራና ለዱራንታ፦ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ጠዋት ላይ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጫፍ ቁራጭ ውሰዱ፣ ከቅጠል መነሻ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሥታችሁ ሁለት ሦስት አስቀሩ። በጣም የነጣውን ሳይሆን አረንጓዴና ነጩ የተመጣጠነውን ምረጡ፤ ሥር የሚያወጣበትን ስንቅ የሚሰጠው አረንጓዴው ነው። የፊከሱ ወተት መፍሰሱ እስኪቆም ጫፉን ውሃ ውስጥ አቆዩት። እኩል የታጠበ አሸዋና የተነፋ ኮምፖስት ውስጥ እስከ ሦስት ጣት ድረስ ቀብራችሁ ውሃ አጠጡና ታችኛው ተቆርጦ የወጣ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ከላይ ድፉበት። ክዳኑን በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ክፈቱት። ብርሃን ይግባ፣ ቀጥታ ፀሐይ አይምታው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ሥር ይይዛል፤ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ እስከ 8 ሊገፋ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እንቢ ካለ ይዟል። ከአንድ ቁራጭ በላይ አድርጉ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ቢይዙ ጥሩ ነው።

አዲሱ ተክል የመጀመሪያዎቹን አራት ቅጠሎች እስኪዘረጋ አሮጌውን አትንቀሉት። አራቱም ዝንጉርጉር ሆነው ከወጡ አሮጌውን ለአረንጓዴነቱ የሚፈልገው ጎረቤት አይጠፋም።